ፎግ፦ አርባ ኮምፒውተር በአንድ ቀን፣ መብራት ከፈቀደ

አምስት ፍላሽ ነበረኝ። አምስቱም ላይ ዊንዶውስ። ሴሚስተር ሊጀመር ሲል ኪሴ ከትቻቸው የኮምፒውተር ላብ እገባና አምስት አምስት ኮምፒውተር እየያዝኩ ፎርማት አደርጋለሁ፣ ከዚያ ኦፊስ፣ ከዚያ ፒችትሪ፣ ከዚያ ፓወር ግዕዝ፣ ከዚያ የፕሪንተሩ ድራይቨር፣ ከዚያ የኮምፒውተሩን ስም መቀየር፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ወንበር። አርባውን ስጨርስ ሳምንት አልፏል። አርባኛው ላይ ስደርስ ደግሞ አንደኛው ላይ የተቀመጠ ልጅ ሾርትከት ቫይረስ ያለበትን ፍላሹን ሰክቶ ይጠብቀኛል።

ጎንደር ውስጥ አንድ ማሠልጠኛ ላይ የአይቲ ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ይባላል እንጂ የሥራው ግማሽ ኬብል መጎተት ነው፣ ግማሹ ደግሞ «ፕሪንተሩ እምቢ አለ» የሚል ስልክ ማንሳት። ይህን የምጽፈው እንደኔ ፍላሽ ይዞ ከወንበር ወንበር ለሚዞር ሰው ነው። ፎግ የሚባለውን ሶፍትዌር ከዓመት በላይ ተጠቅሜበታለሁ፣ ወድጄዋለሁም። ግን «አንድ ቁልፍ ትጫንና አርባውም ይጨርሳል» እያሉ እንደሚያወሩለት አይደለም። ቁልፉ እውነት አንድ ነው። ቁልፉ ጋ ለመድረስ ያለው መንገድ ነው ጉዳዩ።

ፎግ በእንግሊዝኛ ጉም ማለት ነው። ክረምት ጠዋት ጎሃ ላይ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ያየ ሰው ስለ ጉም አይነገረውም። የስሙ ፊደሎች ግን የተወሰዱት «ነፃና ክፍት የሆነ ጎስት» ከሚለው ነው። ጎስትን የቆያችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ ሃርድ ዲስክን እንዳለ የሚገለብጠው የድሮ ፕሮግራም። ፎግ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ኮዱም ክፍት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ሰርቨር ይሆናል። ሌላ አንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውሱንም ሶፍትዌሩንም አሳምራችሁ ትጭናላችሁ፣ ፎግ እሱን ገልብጦ ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ኢሜጅ የሚባለው ይኸ ነው። ከዚያ የቀሩት ኮምፒውተሮች ሲበሩ በሃርድ ዲስካቸው ሳይሆን በኔትወርክ ይነሳሉ፣ ሰርቨሩን «ለኔ የተያዘ ሥራ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ካለ ኢሜጁን አውርደው ዲስካቸው ላይ ይጽፋሉ። ከሌለ ሦስት ሰከንድ ያህል ሜኑ አሳይተው ወደ ራሳቸው ዊንዶውስ ያልፋሉ። ይህ በኔትወርክ የመነሳት ነገር ፒኤክስኢ ይባላል፣ ኢንቴል በ1990ዎቹ ያመጣው ስለሆነ አሮጌው ኮምፒውተራችሁም ሳይኖረው አይቀርም።

ሰርቨር ሲባል አትደንግጡ። የኔ ከዕቃ ግምጃ ቤት የወጣ 8 ጊጋ ራም ያለው ተራ ዴስክቶፕ ነው፣ አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ ጨመርኩበት፣ ኡቡንቱ ጫንኩበት። የፎግ መጫኛ ጥቂት ጥያቄ ይጠይቃችኋል፣ ከዚያ ዳታቤዙንም ዌብ ሰርቨሩንም ራሱ እየጎተተ ይጭናል። ስለዚህ ሲጫን ኢንተርኔት ይፈልጋል። እኔ ማታ በሞባይል ዳታ ነው የጨረስኩት።

ከጥያቄዎቹ አንዷ ግን ጉድ ሠራችኝ።

«ዲኤችሲፒ ሰርቨር ልሁን ወይ?» ትላለች። ዲኤችሲፒ ለየኮምፒውተሩ አድራሻ የሚያድለው ነው። እኔ አዎ አልኩ። ላቡና ቢሮው አንድ ኔትወርክ ላይ እንዳሉ እያወቅኩ፣ ቢሮው ደግሞ አድራሻ የሚያድል ራውተር እንዳለው እያወቅኩ አዎ አልኩ። ከመሸ በኋላ የሚሠራ ሥራ እንዲህ ነው። በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፋይናንስ ክፍል ኢንተርኔት ጠፋ። ቀጥሎ ሬጅስትራር። ቀጥሎ ዲኑ ቢሮ። ጠዋት የበራ ኮምፒውተር ቀድሞ ከደረሰለት አድራሻ ይወስዳል፣ የደረሰለት ደግሞ የኔ ፎግ ነው፣ ፎጉ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበትን በር አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። አድራሻ አላቸው፣ መውጫ የላቸውም።

ገንዘብ ያዧ እትዬ ላብ ድረስ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ነካክተህ ነው? ደመወዝ እየሠራሁ እኮ ነው!»

«ይቅርታ እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።»

አምስት ደቂቃዋ ሁለት ሰዓት ሆነች። ፎጉን ባጠፋውም የተሳሳተውን አድራሻ የያዙት ኮምፒውተሮች ይዘውት ስለቆዩ እየዞርኩ አንድ በአንድ አስለቀቅኋቸው። የዚያን ወር ደመወዝ የዘገየበት ሰው ካለ ነገሩ የዕለቱ ጣጣ እንጂ ክፋት አልነበረበትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ስለ ፎግ አይደለም። ላቡን ለዩት። የራሱ ስዊች (የኮምፒውተሮቹ ኬብል የሚሰበሰብበት ሳጥን)፣ ሰርቨሩ ላይ ሁለት የኔትወርክ ካርድ፣ አንዱ ወደ ላብ አንዱ ወደ ቢሮ። ያኔ ፎግ ላብ ውስጥ እንደፈለገ አድራሻ ያድል፣ ማንንም አይነካም። መለየት ካልቻላችሁ ደግሞ ጥያቄዋን አይ በሏትና ዲኤንኤስማስክ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ጫኑ። እሱ አድራሻ አይሰጥም፤ «በኔትወርክ የምትነሳ ከሆነ ፋይሉ እዚህ ነው» ብሎ ብቻ ይጠቁማል። የቢሮው ራውተር እንዲህ ያለ ጥቆማ እንዲሰጥ የሚያስችል ማስተካከያ ከሌለው ይኸኛው መንገድ ያወጣችኋል።

ሌላው ደስ የማይለው ሥራ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው ማስተካከያ ውስጥ መግባት ነው። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ሴኪውር ቡት የሚባለውን ማጥፋት አለባችሁ፣ አለዚያ የፎግን የመነሻ ፋይል አይቀበሉትም። አሮጌዎቹና አዲሶቹ የሚፈልጉት የመነሻ ፋይልም የተለያየ ነው፣ ፎግ ራሱ አድራሻ አዳይ ከሆነ ግን ማን የትኛውን እንደሚፈልግ ለይቶ ይሰጣል። ኔትወርኩንም በመነሻ ቅደም ተከተል አንደኛ ማድረግ አለባችሁ። አርባ ጊዜ ኤፍ2፣ አርባ ጊዜ ኤፍ10። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። አንዴ ከተሠራ ግን ተሠራ።

አሁን ወደ ኢሜጁ። እዚህ ላይ ስስታም አትሁኑ፣ ጊዜ ስጡት። የምትገለብጡት ነገር መልካም ከሆነ መልካሙን አርባ ጊዜ ታገኙታላችሁ፣ ቫይረስ ካለበት ቫይረሱን አርባ ጊዜ። በክራክ የተጫነ ዊንዶውስ ገልብጦ ያከፋፈለ አንድ ወዳጅ አለኝ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ማስታወቂያ አርባ ማያ ላይ አብሮ ይበራ ነበር። ፎግ ላይሰንስ አይሰጥም፣ አይጠይቅምም። ያ የናንተ ጣጣ ነው።

ሦስት ነገር ግን እኔ ላይ ደርሶብኛልና ልናገር። አንደኛ፣ ዊንዶውስ ሲዘጋ ከልቡ አይዘጋም። ፋስት ስታርትአፕ የሚሉት ነገር አለ፤ ግማሽ እንቅልፍ ነው። እሱን ሳታጠፉ ልገልብጥ ካላችሁ ፎግ ዲስኩ በአግባቡ እንዳልተዘጋ አይቶ እምቢ ይላችኋል፣ ደግ አደረገ። ሁለተኛ፣ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ካለ አጥፉት። ሦስተኛው ሲስፕረፕ ነው። ሲስፕረፕ ዊንዶውስ «እኔ እከሌ የተባልኩ ኮምፒውተር ነኝ» የሚለውን እንዲረሳ የሚያደርግ፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ መሣሪያ ነው። እኔን ሦስት ቀን አስለቀሰኝ። መጨረሻ ላይ ስታስኬዱት ሊበላሽ ይችላል፤ ምክንያቱ ደግሞ እናንተ ሶፍትዌር ስትጭኑ ዊንዶውስ ከጀርባ ከስቶሩ ካልኩሌተሩንና ጨዋታውን ማሻሻሉ ነው። ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተሻሻለች መተግበሪያ ካለች ሲስፕረፕ አላልፍም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ማንም ግን ቀድሞ አይነግራችሁም፦ ኢሜጁን ስታዘጋጁ ኬብሉን ንቀሉ። ኢንተርኔት የለም፣ ማሻሻያ የለም፣ ጣጣ የለም። ሶፍትዌሩን ሁሉ በፍላሽ አምጡለት። አዎ፣ ፍላሽ እዚህ ላይ ያስፈልጋል።

የኔ ኢሜጅ ታምቆ 18 ጊጋ ገደማ መጣ። እንግዲህ ወደ ሠርጉ ቀን።

ፎግ ሁለት ዓይነት ማሰራጫ አለው። አንዱ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይልካል፣ ሌላኛው መልቲካስት ነው፣ አንዴ ይልካል ሁሉም እኩል ይቀበላሉ። መልቲካስት ሲሰማ ልብ ያሞቃል። ሃያ ኮምፒውተር አስነሳሁ። ጊጋቢት ስዊች ስላለኝ ከሰባት ስምንት ደቂቃ አይበልጥም ብዬ ሒሳብ ሠርቻለሁ። ሻይ ቤት ሄጄ ማኪያቶ ጠጥቼ ተመለስኩ። ገና ሩብ ላይ ናቸው። ሃያውም። እኩል ሩብ ላይ።

በዚህ አካሄድ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ነው። ግማሽ ሰዓት ምን አላት ትሉ ይሆናል። መብራት መቼ እንደሚሄድ በማይታወቅበት ከተማ ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው።

መልቲካስት ላይ ሁሉም የሚሄደው በደካማው ፍጥነት ነው። ላሊበላ በእግር እንደሚሄድ ማኅበር ማለት ነው፣ አንዲት አሮጊት ካሉ ሁሉም በእሳቸው እግር ነው። ደካማውን ፍለጋ ስዊቹ ጋ ቁጭ ብዬ መብራቶቹን አየሁ። እኔ ያለኝ ስዊች ላይ ጊጋቢት የሆነ ወደብ አረንጓዴ ይበራል፣ መቶ ሜጋቢት የሆነ ብርቱካናማ። አስራ ስምንቱ አረንጓዴ። ሁለት ብርቱካናማ። ቁጥር 23 እና ቁጥር 24።

ኬብሎቹን ተከትዬ ሄድኩ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች የሚሄዱት በአንድ ኬብል ነው። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ኬብል አልቆበት ይሆናል፣ አንዱን ገመድ በቢላ ሰንጥቆ ከውስጡ ካሉት ስምንት ሽቦዎች አራቱን ለ23፣ አራቱን ለ24 ሰጥቷል። ራስ በራስ ክሪምፕ አድርጎ፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎ፣ ከጠረጴዛው ሥር ደብቆታል። አልዋሽም፣ ንጹሕ ሥራ ነበር። መቶ ሜጋቢት በአራት ሽቦ ይሄዳል፣ ተማሪ ኢንተርኔት ሲከፍትበት ማንም ልዩነቱን አያይም። ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። አንድ የተሰነጠቀ ኬብል ሃያ ኮምፒውተር አስቁሞ ይጠብቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መልቲካስትን ተውኩት። ሁሉም ኬብል አንድ ዓይነት ለሆነበት ላብ ጥሩ ነው፣ የኔ ላብ እንደዚያ አይደለም። በተናጠል መላኩ ደካማውን ለብቻው ያስቀረዋል። ፎግ ሳትነኩት በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አሥር ነው፣ የቀሩት ማያቸው ላይ ተራ ቁጥራቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፣ አንዱ ሲጨርስ ቀጣዩ ይገባል። ለኔ አሥሩ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። አርባው ሁለት ሰዓት። ከሳምንት ወደ ሁለት ሰዓት።

መብራት ካለ።

ሁለተኛው አሥር ላይ እያለን መብራት ሄደ። ላቡ ጨለመ፣ ሰርቨሩም ሞተ። ያኔ ዩፒኤስ አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ልቤ እየመታ ነው የገባሁት። ሰርቨሩን አበራሁት፣ ተነሳ። ከዚያ ግማሽ ላይ የተቋረጡትን አንድ በአንድ አበራሁ፣ ምንም ሳልነካቸው ራሳቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ፎግን የወደድኩት ያን ቀን ነው። ሥራው ተፈጽሞ ካላለቀ ከመዝገቡ አይሰርዘውም፣ ኮምፒውተሩ በኔትወርክ እስከተነሳ ድረስ ከዜሮ ይጀምርለታል። ለዚህ ነው ኔትወርኩን አንደኛ አድርጉት ያልኩት፤ ሃርድ ዲስኩ አንደኛ ቢሆን ኖሮ በግማሽ የተጻፈ ዊንዶውስ ላይ ተንጠልጥለው ይቀሩ ነበር። ኢሜጅ ስትገለብጡ መብራት ቢሄድም የቀደመው ኢሜጃችሁ አይጠፋም። አዲሱን መጀመሪያ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ያጠራቅምና ሲያልቅ ብቻ ነው በአሮጌው ቦታ የሚያስገባው። የሠሩት ሰዎች ጎንደር አያውቁም ይሆናል፣ መብራት ግን የሚሄድባቸው ይመስለኛል።

በማግስቱ ግምጃ ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ትርፍ ዩፒኤስ አይጠፋም?»

«አለ። ባትሪው የሞተ ነው ግን።»

«ግድ የለም ጋሼ።»

«እንግዲያውስ ሞዴል 22 ፈርምና ውሰደው፣ ኋላ ሞተብኝ ብለህ እንዳትመልሰው ብቻ።»

ውስጡ ያለው ተራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፣ ፒያሳ አካባቢ ተገኘ፣ ከኪሴ ገዛሁት። አሁን መብራት ሲሄድ ሰርቨሩና ስዊቹ በአግባቡ እስኪዘጉ ድረስ ይቆማሉ። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው ሲባል እንግዲህ ባትሪውን ሳይጨምር ነው።

ሶፍትዌር መጫኑ ላይ ግን ፎግ ያን ያህል አይደለም። ስናፒን ይሉታል። ዊንዶውሱ ላይ ክላየንት የሚባል፣ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገር የፎግ ትንሽ ፕሮግራም ትጭናላችሁ (ኢሜጁ ውስጥ አብሮ ቢገባ ነው የሚሻለው)፣ ከዚያ መጫኛ ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ ጭናችሁ ለፈለጋችሁት ግሩፕ ትልካላችሁ። ሰባት ሜጋ የሆነ ትንሽ ፕሮግራም ከሆነና ምንም ሳይጠይቅ የሚጫንበት ትእዛዝ ካለው እንደ ቅቤ ይወርዳል። ጥያቄ የሚጠይቅ መጫኛ ከሆነ ግን ማንም በማያየው መስኮት ላይ «ቀጥል» የሚል ቁልፍ እስኪጫንለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ እናንተም ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቁታላችሁ። ፒችትሪ እኔ ጋ ያለችው አሮጌ ቅጂ ናት፣ በዚህ መንገድ እምቢ አለችኝ፣ ኢሜጁ ውስጥ ቀብሬያት ተገላገልኩ። ስናፒኑ ሲበላሽም የሚነግራችሁ አንዲት ቁጥር ብቻ ነው። የቀረውን ራሳችሁ ፈልጉ።

ብዙ ሶፍትዌር በየጊዜው የሚያሠራጭ መሥሪያ ቤት፣ ማለቴ በመቶዎች የሚቆጠር ኮምፒውተርና ሁሉንም ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድርበት ዶሜይን ያለው፣ የማይክሮሶፍቱን ኤስሲሲኤም ወይም ኢንቲዩንን ያስብ። የተጫነውን፣ ያልተጫነውን፣ ለምን እንዳልተጫነ ይነግራሉ። ላይሰንሳቸው ግን ለኛ ዓይነቱ ላብ የሚታሰብ አይደለም። ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ብቻ ያለው ደግሞ ፎግ ውስጥ አይግባ፣ ያለ ሰርቨር ዲስክ የሚገለብጠውን ክሎንዚላን ፍላሽ ላይ ያድርግና ይገላገል። ፎግም ውስጥ ውስጡን ዲስክ የሚገለብጥበት ፓርትክሎን የነሱ የክሎንዚላ ሰዎች ሥራ ነው።

የሚያናድዱኝ ነገሮች አሉ። ፎግ የሚታዘዝበት ዌብ ገጹ የድሮ መልክ አለው። ማብራሪያው የተበታተነ ነው፣ አንዱ ለአሮጌው ቅጂ ይሆናል፣ አንዱ ለአዲሱ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሞክራችሁ ነው የምታውቁት። ሲጫን የሚሰጣችሁ የመግቢያ ስም ፎግ፣ የይለፍ ቃሉም ራሱ «ፓስዎርድ» የሚለው ቃል ነው። ዛሬውኑ ቀይሩት፣ ምክንያቱም ያ ገጽ እጁ የገባ ተማሪ አርባ ኮምፒውተር በአንድ ጠቅታ ባዶ ማድረግ ይችላል፣ የኔዎቹ ደግሞ አያደርጉም ብዬ አልምልም።

የዊንዶውስ 10 ነገርም አለ። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉን አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕ ይፈልጋል፣ ከላቤ ግማሹ የለውም። ስለዚህ ሁለት ኢሜጅ ይዤ ነው የምኖረው፣ ለአዲሶቹ አንድ፣ ለአሮጌዎቹ አንድ። ፎግ ምንም ሆነ ምን ይገለብጣል፣ አይመርጥም።

ባለፈው የሲኦሲ ፈተና ሲደርስ ዓርብ ከሰዓት ላቡን ተረከብኩ። ተማሪዎቹ ዴስክቶፑን የዘፋኝ ፎቶ አድርገውታል፣ አንዱ ላይ ቋንቋው ቻይንኛ ሆኗል፣ እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም። አርባውንም መረጥኩ፣ ላክሁ፣ አበራኋቸው፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ብዙም ሳልቆይ ወጣሁ። ሰኞ ፈታኞቹ ሲመጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፣ ስማቸው ሳይቀር በተራ፤ መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ሲመዘገቡ የሰጠኋቸውን ስም ክላየንቱ ራሱ ይመልስላቸዋል።

ከ10 ስምንት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለስናፒኑ፣ አንዱን ለማብራሪያው። ለዲኤችሲፒው ብቀንስ ከራሴ ነበር።

23 እና 24 አሁንም በአንድ ኬብል ናቸው። ሃያ ሜትር ኬብል ይገዛልኝ ብዬ ጠይቄያለሁ፣ ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ብሎኛል። ሁለት አግኝቻለሁ።